ከዕጩዎች ዝርዝር መቅረት ሁሉ በደል አይደለም፦ ስለ ቶኒ ዕጩዎችና ስለ ወሎ የቴአትር ሽልማት ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ የቴአትር ወዳጆች ዘንድ በሰፊው የተነበበና ያከራከረ አንድ ጽሑፍ አለ። መነሻው በኒው ዮርክ ከተማ በየዓመቱ ለቴአትር ሥራዎች የሚሰጠው የቶኒ ሽልማት የዕጩዎች ዝርዝር ሲሆን፣ መድረሻው ግን ወሎ ነው። የጽሑፉ ባለቤት የሚሉት ባጭሩ የሚከተለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በቲኬት ገቢ ክብረ ወሰን የሰበረው «ኦቴሎ» አንድም ዕጩነት ሳያገኝ መቅረቱ፣ ዕጩ አቅራቢዎቹ ዝነኛ ተዋንያንንና ተመልካችን እንደሚንቁ ያሳያል፤ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የሚያወጡት ዝርዝር ከወዳጅነት ሊጸዳ አይችልም፤ በየዓመቱ ብቅ የሚለው ያልተጠበቀ ስም ወሬ እንዲያስነሣ ሆን ተብሎ የሚገባ ነው፤ የተዘነጋ ባለሙያም እንደ እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ጁሊ አንድሩስ ሽልማቱን ትቶ መውጣት ይገባዋል። ከዚህ ተነሥተው የሚደርሱበት መደምደሚያ ደግሞ፣ ወሎ ውስጥ የቴአትር ሽልማት ይቋቋም ከተባለ አሸናፊው በቲኬት ሽያጭና ተመልካች በስልክ በሚልከው አጭር መልእክት ይወሰን፣ ይህ ካልሆነ ግን ሽልማቱ ባይኖር ይሻላል የሚል ነው።

ጸሐፊው ለወሎ ቴአትር ተቆርቁረው እንደጻፉ አልጠራጠርም። ያነሡት ጉዳይም ቀላል አይደለም፤ በየሰፈሩና በየትምህርት ቤቱ ደክመው ተውኔት የሚያዘጋጁ ወጣቶች ሥራቸውን ማን እንደሚመዝነው የመጠየቅ መብት አላቸው። ነገር ግን ከኒው ዮርክ የተጠቀሱት ማስረጃዎች ጸሐፊው ለፈለጉት ነገር አይመሰክሩም፤ አንዳንዶቹማ ጭራሽ በተቃራኒው ይመሰክራሉ። ማስረጃው ከተዛባ ለወሎ የቀረበው ምክርም አብሮ ስለሚዛባ፣ ነጥቦቹን በየተራ ማንሣቱ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የውጭውን ሽልማት በሚመለከት የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ«ኦቴሎ» እንጀምር። ተውኔቱ በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ለእኛም አገር ተመልካች እንግዳ አይደለም። በ2025 በብሮድዌይ፣ ማለትም በኒው ዮርክ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች መንደር፣ የቀረበው ዝግጅት ዴንዘል ዋሽንግተንንና ጄክ ጂለንሃልን ያሰለፈ ሲሆን፣ የአንዳንዱ መቀመጫ ዋጋ እስከ 921 ዶላር ደርሶ ነበር፤ በአንድ ሳምንትም 2.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በማስገባት ሙዚቃዊ ላልሆነ ቴአትር በወቅቱ ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቧል። ዕጩዎቹ ይፋ ሲሆኑ ግን በአንድም ዘርፍ ስሙ አልተጠራም። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ያሉት ልክ ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው «ዝነኞች ስለሆኑ ተገፉ» ሲሉ ነው። በዚያው ወቅትና በዚያው ዝርዝር ውስጥ ጆርጅ ክሉኒ በተውኔት ዋና ተዋናይ ዘርፍ ታጭተዋል። ክሉኒ ከሆሊውድ የመጡና በብሮድዌይ መድረክ ላይ ሲወጡ የመጀመሪያቸው የሆነ ሰው ናቸው፤ የተወኑበት ቴአትርም «ኦቴሎ» ይዞት የነበረውን ክብረ ወሰን ሰብሮ በሳምንት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ እስከ ማስገባት ደርሷል። ዝናና ገንዘብ ከዝርዝሩ የሚያስወጡ ቢሆኑ ኖሮ በመጀመሪያ የሚወጡት እሳቸው በሆኑ ነበር። ያው የክሉኒ ቴአትር ደግሞ በምርጥ ተውኔት ዘርፍ ሳይታጭ ቀርቷል። አንድ ዝግጅት በትወናው ተመርጦ በድርሰቱ ሊቀር መቻሉ፣ አቅራቢዎቹ እያንዳንዱን ሙያ ለየብቻ እንደመዘኑ ያመለክታል።

ሌላው ጽሑፉ የዘለለው ጥያቄ የቦታ ጉዳይ ነው። በዚያ ዓመት በተውኔት ዋና ተዋናይ ዘርፍ የታጩት ስድስት ሰዎች ነበሩ። ዋሽንግተን መግባት ነበረባቸው የሚል ሰው ከስድስቱ ማን መውጣት እንደነበረበትም መናገር አለበት፤ ጸሐፊው ግን ይህን አልነገሩንም። ሽልማቱን ያገኙት ኮል ኤስኮላ ራሳቸው የጻፉትን «ኦ፣ ሜሪ!» የተባለ አስቂኝ ተውኔት ከብሮድዌይ ውጭ ባለ አነስተኛ ቴአትር ቤት ጀምረው ወደ ብሮድዌይ ያመጡ ባለሙያ ናቸው። እሳቸው ይውጡ? ወይስ ብዙ ሰው ስማቸውን የማያውቀው፣ ነገር ግን ሥራቸው የተመሰከረላቸው ሌሎቹ ይውጡ? ስለ ዕጩዎች በሚደረግ ክርክር ውስጥ «እገሌ ቀረ» ማለት እጅግ ቀላል ነው። ከባዱ ነገር የቀረውን ከገባው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ሁለቱንም አይቶ መፍረድ ነው። ጸሐፊው ካነሷቸው የ«ተረሱ» ስሞች ውስጥ አንዱን እንኳ በዚህ መንገድ አላቀረቡም፤ ይህን ቢያደርጉ ኖሮ ምናልባት እኔም በአንዳንዱ ላይ በተስማማሁ ነበር።

የቲኬት ሽያጭ ዳኛ ይሁን የሚለውን ሐሳብ ከሁሉ ይበልጥ የሚያፈርሰው ደግሞ የዚያው ዓመት የሙዚቃዊ ቴአትር አሸናፊ ነው። «ሜይቢ ሃፒ ኤንዲንግ» መጀመሪያ በሴኡል በኮሪያኛ የቀረበ፣ ዋና ገጸ ባሕርያቱ ያረጁ ሮቦቶች የሆኑ፣ በታወቀ ፊልም ወይም በታወቀ ዘፈን ላይ ያልተመሠረተ ሥራ ነው። በ2024 መጸው ብሮድዌይ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሸጠው ቲኬት እጅግ ዝቅተኛ ስለነበር ብዙ ሳይቆይ ይዘጋል ተብሎ ተፈርቶለት ነበር። ያየው ሰው ላላየው እየነገረ፣ ሐያስያንም እያመሰገኑት ቀስ በቀስ ተመልካች አገኘ፤ በመጨረሻም በ10 ዘርፎች ታጭቶ ምርጥ ሙዚቃዊ ቴአትር የሚለውን ጨምሮ 6 ሽልማቶችን ወሰደ። በጸሐፊው መለኪያ ቢሆን ኖሮ ይህ ሥራ ከዝርዝሩ ግርጌ እንኳ ባልደረሰ ነበር። ገበያ ያገኘ ቴአትር በገበያው ተሸልሟል፤ ለተዋናዩም ለአዘጋጁም ከፍሏል። ሽልማት ትርጉም የሚኖረው ገበያው ገና ያላየውን ሥራ ለሕዝብ ማሳየት ሲችል ነው።

ይህ በእኛም ቤት የሚታይ ነገር ስለሆነ አንድ ትዕይንት ላንሣ። በደሴ በወሎ ባህል አምባ በቀረበ የአማተሮች ቴአትር ላይ፣ ልጇ ርቆ የሄደባትን እናት ሆና የምትተውን አንዲት ተዋናይት ነበረች። ትዕይንቱ የቡና ሰዓት ነው። ጎረቤት ሆኖ የሚተውነው ሰው ቀልድ በቀልድ እያከታተለ አዳራሹን ሲያስቀው፣ እሷ አንዲት ቃል ሳትናገር ሰፌድ ላይ የተዘረጋ ጥሬ ቡና ትለቅማለች። ጎረቤቱ በቀልዱ መሐል ሳያስበው የልጇን ስም ጠራ። ጣቶቿ ቆሙ። ያነሣቻት አንዲት የቡና ፍሬ በሁለት ጣቷ መካከል እንደተያዘች ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ፍሬዋን እንክርዳዱ ዘንድ ጥላ መልቀሟን ቀጠለች። ፍሬዋ ግን ደኅና ነበረች፤ መጥፎ አልነበረችም። ይህን ማየት የሚችለው ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ነው፤ ከኋላ ላለው ሴትዮዋ ቡና ከመልቀም በቀር ምንም አላደረገችም። በመጨረሻ ጭብጨባው የጎረቤቱ ሆነ፤ እሱም ሥራውን በሚገባ ስለሠራ ጭብጨባው አልበዛበትም። በስልክ መልእክት ድምፅ ቢሰጥ ግን የሚያሸንፈው እሱ ብቻ ነው፤ የተዋናይቷን ጣቶች ያየላት ሰው አይኖርም። ዳኛ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ተመልካች ለመደሰት ገንዘቡን ከፍሎ ስለገባ ጣት የመመልከት ግዴታ የለበትም፤ ዳኛ ግን ለዚሁ ተብሎ የሚቀመጥ ሰው ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። የወዳጅነት ጉዳይ ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ክፍል እንደሆነ አምናለሁ፤ ነገር ግን ጸሐፊው የቶኒን አሠራር ያቀረቡበት መንገድ ትክክል አይደለም። እዚያ ዕጩ የሚያቀርበውና አሸናፊ የሚመርጠው አካል ይለያያል። ዕጩ አቅራቢው ኮሚቴ በቴአትር ሙያ ከቆዩ ጥቂት ደርዘን ሰዎች የተውጣጣ ነው፤ አባላቱ የሚያገለግሉት ለሦስት ዓመት ሲሆን፣ በወቅቱ ለውድድር ብቁ የሆኑትን ዝግጅቶች በሙሉ የማየት ግዴታ አለባቸው። አሸናፊውን የሚመርጡት ግን ከ800 በላይ ድምፅ ሰጪዎች ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል በርካታ ፕሮዲዩሰሮች፣ ማለትም በውጤቱ ጥቅም ሊያገኙ የሚችሉ ሰዎች ይገኛሉ። ጥቅም ይፈራል ከተባለ እንግዲህ ይበልጥ የሚያሰጋው ሰፊው የድምፅ ሰጪዎች ጉባኤ ነው እንጂ ትንሹ ኮሚቴ አይደለም። ሁለቱ አካላት በአንድ ዓይን እንደማያዩም ታሪኩ ያሳያል፦ «ቺካጎ» የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር በ1976 በ11 ዘርፎች ታጭቶ አንድም ሳያሸንፍ ወጥቷል፤ «ስሌቭ ፕሌይ» የተባለው ተውኔትም በ12 ዘርፎች ታጭቶ ባዶ እጁን ተመልሷል። ጸሐፊው መፍትሔ አድርገው ያቀረቡት የድምፅ ሰጪውን ቁጥር ማብዛት ነው፤ የሰው መብዛት ግን በራሱ ከአድልዎ እንደማያጸዳ ከዚህ በላይ ማስረጃ መፈለግ አያሻም።

ይሁን እንጂ ወሎ ኒው ዮርክ አይደለም፤ ጸሐፊው የሚፈሩት ነገር እዚህ በእርግጥ አለ። ደሴ ውስጥ ቴአትር የሚሠራ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። አዘጋጁ የአንዱ ዳኛ የቀድሞ ተማሪ ይሆናል፤ ተዋናይቷ የሌላው ዳኛ የእህት ልጅ ናት፤ በአንድ እድር ይገናኛሉ፤ በሠርግም በሐዘንም አብረው ይቀመጣሉ። የጎረቤቱን ልጅ ሳያጭ ቀርቶ በማግስቱ ለቅሶ ቤት ከአባቱ ጎን መቀመጥ ለማንም ይከብዳል፤ ይሉኝታ ጉቦ ባይሆንም የጉቦን ያህል ፍርድ ያዛባል። ለዚህ የሚበጀው ዳኝነቱን ከሰፈር ማራቅ ነው። የደሴን ዝግጅቶች ከወልድያና ከኮምቦልቻ የመጡ ባለሙያዎች ቢያዩ፣ የወልድያን ደግሞ ከደሴና ከከሚሴ የሄዱ ቢያዩ፣ ዝምድና ወይም የመምህርነት ግንኙነት ያለው ዳኛም በዚያ ሥራ ላይ ድምፅ እንዳይሰጥ አስቀድሞ ቢመዘገብ፣ ፍጹም ባይሆንም የይሉኝታው ሸክም ይቀላል። ደሴና ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ የዳኞች የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ መሸፈን አለበት። ለሽልማት የሚሰበሰብ ገንዘብ ካለ ከዋንጫውና ከዝግጅት ድምቀቱ በፊት ለዚህ መዋል ይገባዋል እላለሁ፤ ዳኛው ያላየው ቴአትር ሊታጭ አይችልምና።

በምክንያት አሰጣጥ በኩል ደግሞ ወሎ ከቶኒ የሚሻል ልማድ አለው። ቶኒ እገሌ ለምን ታጨ፣ እገሊት ለምን ቀረች ለሚለው ጥያቄ በጽሑፍ መልስ አይሰጥም፤ ለወሬውና ለጥርጣሬው ዋናው ምንጭም ይህ ዝምታ ይመስለኛል። በወሎዋ ዋድላ የቅኔ ጉባኤ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲያሰማ፣ መምህሩ የቱ ጋ ምሥጢሩ እንደላላ፣ የቱ ጋ ቤቱ እንዳልመታ እየነገሩ ያርሙታል፤ ዙሪያውን የተቀመጡት ተማሪዎችም እየሰሙ ይማሩበታል። እርማቱ በሰው ፊት ስለሚሰጥ መምህሩም ቢሆኑ ያለ ምክንያት ሊጥሉም ሆነ ሊያነሡ አይችሉም። የቴአትር ዳኞች ላዩት ለእያንዳንዱ ሥራ አንዲት አንቀጽ ቢጽፉና ለቡድኑ ቢሰጡ፣ ሳይታጭ የቀረ ቡድን ቢያንስ የሚያሻሽለውን ነገር ይዞ ይሄዳል፤ አንቀጿ ባዶ ከሆነችም ዳኛው እንዳልተመለከተ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ያልተጠበቁ ዕጩዎች ለወሬ ሲባል የሚገቡ ናቸው ስለሚለው ሦስተኛ ነጥብ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከሁሉም የታወቀውን የ1996 ዝርዝር እንውሰድ። ያን ዓመት በምርጥ ሙዚቃዊ ቴአትር ዘርፍ ከፍተኛ ወጪ የወጣባቸው «ቢግ» እና «ቪክተር/ቪክቶሪያ» ቀርተው፣ በምትካቸው ከመድረክ ወርደው የነበሩ ሁለት አነስተኛ ሥራዎች ገቡ። ዓላማው ገበያ ማሟሟቅ ቢሆን ኖሮ ቲኬት የማይሸጥለትን የተዘጋ ቴአትር የሚያጭ ማን ነው? ይልቁንም ብዙ ጊዜ «አስገራሚ» የሚባለው ነገር ምክንያቱ ደንብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። በኮሮና ምክንያት በተቋረጠው የ2020 ወቅት አሮን ትቬት በሙዚቃዊ ቴአትር ዋና ተዋናይ ዘርፍ ብቻቸውን ታጩ፤ ይህን ሰምቶ የማይገረም የለም። ነገር ግን በዚያ ወቅት ለውድድር ብቁ የነበሩት አዳዲስ ሙዚቃዊ ቴአትሮች አራት ብቻ ነበሩ፤ ትቬትም ብቸኛ ዕጩ ስለሆኑ ብቻ ሽልማቱ በቀጥታ አልተሰጣቸውም፤ ከድምፅ ሰጪዎቹ 60 በመቶው ድጋፍ መስጠት ነበረበት። በዚያው ወቅት ለብቁነት የተቆረጠው ቀን ፌብሩዋሪ 19 ሲሆን፣ አዲሱ የ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ዝግጅት በይፋ የተከፈተው በማግስቱ ፌብሩዋሪ 20 ነበር። በአንድ ቀን ልዩነት ከውድድሩ ውጭ ሆነ፤ ከወረርሽኙ በኋላም ወደ መድረክ ስላልተመለሰ ሳይመዘን ቀረ። እዚህ ላይ ማንም ማንንም አልናቀም፤ የቆረጠው ቀን ነው። ይህን ምሳሌ ልብ እንበለው፤ ወደ ወሎ ስንመጣ ያስፈልገናል።

ጽሑፉን ሳነብ ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ጸሐፊው ስለ መዘንጋት ይህን ያህል ሲጽፉ በእውነት ለተዘነጉት ሰዎች አንድ መስመር አለመስጠታቸው ነው። በቶኒ ለውድድር የሚቀርበው በተወሰኑ 41 የብሮድዌይ ቴአትር ቤቶች የታየ ሥራ ብቻ ነው፤ እነዚህም 500ና ከዚያ በላይ መቀመጫ ያላቸው ናቸው። አሜሪካን በሚያህል ሰፊ አገር፣ በዚያው በኒው ዮርክ ከተማ እንኳ፣ በትንንሽ አዳራሾች የሚታየው እጅግ ብዙ ሥራ ዳኛ ፊት አይቀርብም። ተዋናይ ታሞ ወይም ውሉ አልቆ በሌላ ሲተካ ተተኪው ምንም ያህል ቢያስደንቅ አይታጭም። ተዋንያን በኅብረት ለሠሩት ሥራ የሚሰጥ ሽልማትም የለም። የድምፅ ንድፍ በ2008 የሽልማት ዘርፍ ሆኖ ከገባ በኋላ በ2014 እንዲቀር ተወሰነ፤ የተመለሰው ባለሙያዎቹ አጥብቀው ከተቃወሙ በኋላ በ2018 ነው። በእነዚያ ዓመታት ድምፅ የሚሠራው ሰው በማንም አልተሸነፈም፤ የሚወዳደርበት ዘርፍ ራሱ አልነበረውም። ዴንዘል ዋሽንግተን ሳይታጩ ቀሩ ብሎ መቆጨት ይቻላል፤ እሳቸው ግን ቀድሞውኑ የቶኒ ተሸላሚ ናቸው። ሊያስቆጨን የሚገባው ስሙ ለክርክር እንኳ የማይነሣው ሰው ነው።

ወሎ ውስጥ ይህን ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ከመጋረጃው ጀርባ የቆመ አንድ ወጣት አይቻለሁ፤ በግራ እጁ በትሪ ላይ ሽንብራ እያንከባለለ የዝናብ ድምፅ ያሰማል፤ ነጎድጓድ ሲያስፈልግ በቀኝ እጁ ከግድግዳው ጋር ያስደገፈውን ቆርቆሮ ያርገፈግፋል፤ ዓይኑ ግን ከተዋንያኑ ላይ አይነሣም፤ ተዋናዩ «መጣ!» ከማለቱ እኩል ነጎድጓዱ መጮኽ አለበትና። ከፊት ያለው ተመልካች ከልቡ ዝናብ የመጣ መስሎት ወደ ጣሪያው ቀና ያለ ነበር። የዚህ ልጅ ስም በፖስተሩ ላይ አልነበረም። የወሎ ሽልማት የትወናና የድርሰት ዘርፎችን ብቻ ይዞ ቢጀመር፣ ዳኞቹ የቱንም ያህል ቅን ቢሆኑ ይህን ወጣት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይዘነጉታል። ጸሐፊው ያቀረቡት በስልክ መልእክት ድምፅ መስጠትም ከዚህ አያድነውም፤ ስሙን የማያውቀው ተመልካች ምን ብሎ ይልክለታል?

የጁሊ አንድሩስን ነገር በተመለከተ ታሪኩ በጽሑፉ ውስጥ ተቆርጦ ቀርቧል። አንድሩስ በ1996 ከ«ቪክተር/ቪክቶሪያ» ዝግጅት ብቸኛዋ ዕጩ ሆኑ፤ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ በመዘንጋታቸው ከአንድ ትርኢት በኋላ መድረክ ላይ ቆመው ዕጩነቱን እንደማይቀበሉና ከተዘነጉት ጋር መቆም እንደሚመርጡ ለተመልካቹ ተናገሩ። ስማቸው ከድምፅ መስጫው ሳይወጣ ቀርቶ ሽልማቱን ዶና መርፊ ወሰዱ። አንድሩስ የተናገሩት ለባልደረቦቻቸው ነው፤ ሽልማት ይፍረስ አላሉም፤ ትርኢታቸውንም አላቋረጡም። ደግሞም ቃላቸው ዓለምን ያዳረሰው ዓለም ቀድሞ ስለሚያውቃቸው ነው። ከመርሳ ወይም ከሐይቅ ከተማ የመጣ የአንድ ክበብ ወጣት ተበሳጭቶ ቢወጣ ግን መውጣቱን የሚያውቅ ሰው የለም። ለዚህ ወጣት የሚጠቅመው ቅሬታውን የሚያቀርብበትና በተወሰነ ቀን መልስ የሚያገኝበት ሥርዓት ነው።

አሁን ወደ ጸሐፊው ዋና ሐሳብ፣ ወደ ቲኬቱና ወደ መልእክቱ እንምጣ። በወሎ የሚሠራው ቴአትር በብዛት ቲኬት የለውም። በትምህርት ቤት ግቢ፣ በወጣት ማእከል፣ በበዓል ቀን በአደባባይ በነጻ ይታያል። በቲኬት ከተቆጠረ ይህ ሁሉ ዜሮ ነው፤ የሚቀረው በከተማ አዳራሽ የሚታየው፣ ከዚያም ውስጥ ከአዲስ አበባ ታዋቂ ተዋናይ ማስመጣት የቻለው ነው። በመልእክት ከተቆጠረ ደግሞ ብዙ ሲም ካርድ የገዛ፣ ብዙ ዘመድና ብዙ የሥራ ባልደረባ ያለው ያሸንፋል። ጸሐፊው ከወዳጅነት እንሽሽ ብለው ያመጡት መንገድ ወዳጅነትን ብቸኛ መለኪያ ያደርገዋል ማለት ነው። በደሴ አንድ ሺህ ሰው ያየው ቴአትርና በሰቆጣ ሁለት መቶ ሰው ያየው ቴአትር በመልእክት ብዛት ሊወዳደሩ አይችሉም፤ ሰቆጣ ያለው ቡድን ያጣው የሕዝብ ቁጥር እንጂ ችሎታ ላይሆን ይችላል።

ቋንቋም አለ። ወሎ አማርኛ ብቻውን የሚነገርበት ምድር አይደለም፤ በከሚሴና በባቲ አካባቢ በአፋን ኦሮሞ፣ በሰቆጣ በኽምጣንጋ፣ በሌላውም ቦታ በአርጎብኛ የሚናገር ሰው አለ። በእነዚህ ቋንቋዎች የተዘጋጀ ተውኔት በደሴ ተመልካች ድምፅ ሊመዘን አይችልም፤ በዳኛ እንዲመዘን ከተፈለገ ቋንቋውን አሳምሮ የሚያውቅ ዳኛ መመደብ የግድ ነው። ጽሑፉ ስለዚህ ምንም አላለም፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ይህ ይመስለኛል፤ ሽልማቱ የወሎ ነው ከተባለ ወሎን በሙሉ ማየት አለበትና።

ከዚያ የቀን ጉዳይ ይመጣል፤ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»ን ያስቀረው ዓይነት ቀን ማለቴ ነው። ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ሆኖ የሚኖርበት አገር በመሆኑ የቴአትር ወቅቱም በሁለቱ ጾሞች መሐል ይመላለሳል። በዐቢይ ጾምና በረመዳን ብዙ ቡድኖች ዝግጅታቸውን ያዘገያሉ፤ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ቀኑን ስለሚቀይር የአንድ ዓመት ልምድ ለሌላው አያገለግልም። የትምህርት ቤት ክበባት በብዛት ሥራቸውን የሚያሳዩት በዓመቱ መጨረሻ፣ በግንቦትና በሰኔ ነው። የመዝጊያው ቀን ሚያዝያ ላይ ቢቆረጥ ክበባቱን ሁሉ ያስቀራል፤ ማንም ሳይጠላቸው፣ ማንም ሳያዳላባቸው ከዝርዝሩ ይወጣሉ፤ በማግስቱም «ተናቅን» የሚል ቅሬታ ይነሣል። ሰኔ 30 ቢሆን ግን ሁሉም ይካተታል፤ ዳኞቹ ክረምቱን ለመመካከርና ምክንያታቸውን ለመጻፍ ይጠቀሙበታል፤ ዕጩዎቹም በመስከረም ይገለጣሉ።

«ካልሆነ ሽልማቱ ባይኖር ይሻላል» ለሚለው የመጨረሻ ቃል መልሴ አጭር ነው። ከወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን የወጡትን እንደ ማሪቱ ለገሰ ያሉ ድምፃውያን ዛሬም አገር ሁሉ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ ድምፃቸው በካሴት ተቀርጾ ቀርቷልና። በዚያው ዘመን በየመድረኩ አጫጭር ድራማ ሲሠሩ የነበሩትን ግን ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ቴአትር መጋረጃው ሲዘጋ የሚያልቅ ሥራ በመሆኑ የሚቀረው የተጻፈለት ብቻ ነው። ስለዚህ ሽልማቱ ይጀመር ከተባለ አንድ ነገር እንዲጨመር እጠይቃለሁ፦ የዕጩዎቹ ስም በሚወጣበት በዚያው ወረቀት ላይ፣ ዳኞች በዓመቱ ያዩት እያንዳንዱ ቴአትር ከነቡድኑ፣ ከነቦታው፣ ከነቀኑና ከነሙሉ የባለሙያዎቹ ዝርዝር ይታተም፤ የታጨው ይታጭ፣ ሽንብራ የሚያንከባልለው ወጣት ስምም እዚያው ይስፈር። ጸሐፊው በሚቀጥለው ዓመት እገሌ ተረሳ ብለው ሊጽፉ ቢፈልጉ ያን ጊዜ ዝርዝሩ በእጃቸው ይኖራል፤ ማን ከማን ጋር እንደተመዘነም እያመሳከሩ መሟገት ይችላሉ።